ለሚኒ 4 ፕሮ የትኛው ፊልተር? ሦስቱ ይበቃሉ፣ ለውሃ አንድ ጨምሩ

መልሱን አላስጠብቃችሁም። በሚኒ 4 ፕሮ ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ የድሮኑ አምራች ዲጄአይ ራሱ ለዚህ ድሮን የሚሸጠውን ባለ ሦስት ፍሬ የፊልተር ስብስብ ግዙ። ውስጡ ኤንዲ 16፣ ኤንዲ 64 እና ኤንዲ 256 አለ። ኤንዲ ማለት ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት ነው። ሐይቅ ወይም ወንዝ አጠገብ የምትሠሩ ከሆነ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቆርጥ ፊልተር) ያለበት አንድ ኤንዲ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ገንዘብ አታውጡ።

ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፤ "ባለ ስምንቱን ልግዛ ወይስ ባለ አሥራ ሁለቱን?" ሻጮቹም ፊልተሩ በበዛ ቁጥር ዕቃው የተሻለ እንዲመስል አድርገው ይደረድሩታል። ኤንዲ 4 አለ፣ ኤንዲ 8 አለ፣ ዩቪ አለ። የማታ የሚባል አለ። መብራቱን ኮከብ የሚያደርግ አለ። ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ነጭ የሆነም አለ። አብዛኛው ከሣጥኑ ሳይወጣ ይከርማል።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ሥራዬ የሐበሻ ሠርግ፣ መልስ፣ ክርስትናና ምርቃት መቅረጽ ነው። ድሮኑ ከሥራዬ ትንሹ ክፍል ነው። ቪዲዮው ሲታይ ግን ቤቱን "ወይ ጉድ!" የሚያሰኘው እሱ ነው። ዴንቨርና አካባቢዋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። ወደ ተራራው ሲወጣ 3,000 ሜትር በቀላሉ ይታለፋል። አየሩ ስስ ነው፣ ፀሐዩም ይፋጃል። ቅዝቃዜው ሲገባ ደግሞ መሬት ላይ ያለው በረዶ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ለድሮን ካሜራ ይህ ከባድ ቦታ ነው። ፊልተርም የሚፈተነው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ለምን ከባድ ሆነ? የሚኒ 4 ፕሮ የሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 1.7 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃን ይገባል። አይሰፋም፣ አይጠብም። ብሌኑ የማይጠብ ዓይን ይዞ ቀትር ላይ ደጅ እንደ መውጣት ነው። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ ከደረሰ በኋላ ከዚያ አይወርድም። ስለዚህ ብርሃን ሲበዛ ድሮኑ ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሻተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ማፍጠን። 1/4000 ሰከንድ፣ 1/6000፣ ከዚያም 1/8000 ይደርሳል።

ለፎቶ ይህ ምንም አይደለም። ለቪዲዮ ግን ጣጣ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ደርቆ ይቀራል። የሙሽራዋ ቬሎ በነፋስ ሲንቀሳቀስ የተቆራረጠ ይመስላል። አጀቡ ክላክስ እያሰማ ሲያልፍ መኪኖቹ ይዘላሉ። ድሮኑ ዝቅ ብሎ ዛፍ ለዛፍ ሲያልፍ ቅጠሉ ይርገፈገፋል፣ የሚያየውም ሰው ዓይኑ ይደክማል። የፕሮፔለር ጥላም አለ። ፀሐይ ከፊት ወይም ከጎን ስትሆን ጥላው ሌንሱ ላይ እየወደቀ ምስሉ ላይ ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ሻተሩ ሲዘገይ ያ መስመር ደብዝዞ ይጠፋል።

የፊልም ሰዎች ልማድ ቀላል ነው። ሻተሩ የፍሬሙ ቁጥር እጥፍ ይሁን ይላሉ። በሰከንድ 24 ወይም 25 ፍሬም ከሆነ 1/50፣ 30 ከሆነ 1/60፣ 60 ከሆነ 1/120። በዚህ ፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገር ትንሽ ይደበዝዛል። ዓይናችን ከሲኒማና ከቴሌቪዥን የለመደው እሱን ነው። የኤንዲ ሥራ ብርሃኑን ቀንሶ ሻተሩን እዚያ ማድረስ ነው፣ በቃ። ቀለም አያደምቅም፣ ሰማይ አያሰማምርም። ተራ ኤንዲ ይዞ ሰማዩን ሰማያዊ ያደርግላችኋል የሚል ሻጭ ካለ እለፉት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ከብዙዎቹ ኪቶች ጋር ትንሽ ካርድ ይመጣል። ደመና ከሆነ ይህን፣ ፀሐይ ከሆነ ያንን ጫን ይላል። እኔ ካርዱን አልጠቀምበትም። ምክንያቱም ሌንሱ ኤፍ 2.8 የሆነ ድሮንና ኤፍ 1.7 የሆነ ድሮን በአንድ ፀሐይ ሥር አንድ ፊልተር አይፈልጉም። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። አንዱ ካርድ ለሁለቱም ልክ ሊሆን አይችልም።

ይልቅ ድሮኑን ጠይቁት። ያለ ፊልተር አስነሡት። ፕሮ የሚለውን (በእጅ ማስተካከያውን) ክፈቱ፣ አይኤስኦውን 100 ላይ አድርጉ፣ ብርሃኑ ልክ እስኪመጣ ድረስ ሻተሩን አስተካክሉ። የቆመበትን ቁጥር አንብቡ። እንበል 1/3200 ሆነ። የምትፈልጉት ደግሞ 1/50 ነው። 3200ን ለ50 አካፍሉት። 64 ይመጣል። ኤንዲ 64 ጫኑ። 1/800 ቢሆን መልሱ 16 ነበር። 1/6400 ቢሆን 128። የፊልተሩ ቁጥር ብርሃኑን ስንት ጊዜ እንደሚያሳንሰው ስለሚናገር ማካፈል ብቻ ይበቃል።

አንዳንድ ሻጭ ደግሞ 1.2፣ 1.8፣ 2.4 ብሎ ይጽፋል። አትደናገጡ። 1.2 ማለት ኤንዲ 16 ነው፣ 1.8 ኤንዲ 64፣ 2.4 ደግሞ ኤንዲ 256።

በዚህ ስሌት ጥርት ያለ ቀትር ምን ይፈልጋል? የፎቶ ሰዎች የቆየ ደንብ አላቸው። ሙሉ ፀሐይ ከሆነ ኤፍ 16፣ አይኤስኦ 100፣ ሻተር 1/100 ይላሉ። ያንን ወደ ኤፍ 1.7 ብታመጡት ሻተሩ ወደ 1/9000 ይጠጋል። 9000ን ለ50 ስታካፍሉት 180 ነው። ከኤንዲ 128 በላይ፣ ከኤንዲ 256 በታች ማለት ነው። እንግዲህ በየገበያው የሚሸጠውን ኤንዲ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ብሎ የሚያቆም ኪት አስቡት። ለዚህ ድሮን ቀትር ላይ ከአራቱ አንዱም አይበቃም። ሁለቱ ጭራሽ ከሣጥን የሚወጡበት ቀን አይመጣም። ባለ ሦስቱን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። የመረጧቸው ቁጥሮች ለዚህ ሌንስ የታሰቡ ናቸው።

ከሦስቱ ብዙ የምሠራበት ኤንዲ 64ን ነው። ሙሽሮቹን ለፎቶ ይዘን የምንወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ገና አልወረደችም፣ ግን የቀትሩ ኃይሏ ቀንሷል። በሰከንድ 25 ፍሬም ስቀርጽ ኤንዲ 64 እዚያ ጋ ልክ ይገባል። ስሎ ሞሽን ስፈልግ ደግሞ ወደ 60 ፍሬም እሄዳለሁ። ያኔ ሻተሩ 1/120 ስለሚሆን ያው ኤንዲ 64 ለሙሉ ፀሐይም ይበቃል። 9000ን ለ120 አካፍሉት፣ 75 ይመጣል፤ ለ64 ቅርብ ነው። ሙሽራው ሙሽራዋን አቅፎ ሲያዞራት፣ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ሲመጡ፣ ይህን ፊልተር ሳልቀይር እጨርሳለሁ። በሠርግ ቀን ፊልተር ለመቀየር ሙሽሮችን ማስቆም አይቻልም። አንድ ፊልተር ሁለት ሥራ ሲሠራ ትልቅ ነገር ነው።

ኤንዲ 256 ስታዩት ጥቁር ነው። ብዙ ሰው "ይህ ለምን ይጠቅማል?" ብሎ ይተወዋል። እዚህ ኮሎራዶ በጥር በረዶ ላይ ቀርጻችሁ ብታዩ አትጠይቁም። በጥምቀት ሰሞን መሬቱ ነጭ ነው፣ የሰዉ ነጠላ ነጭ ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ ከላይም ከታችም ይመጣል። በረዶ ላይ ከተለመደው ፀሐይ አንድ ስቶፕ ገደማ ይጨምራል፤ አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ እጥፍ ነው። ኤንዲ 64 ብቻ ብትይዙ ሻተሩ 1/200ን ያልፋል። ቪዲዮው አይበላሽም፣ ግን የሚንቀሳቀሰው ነገር መድረቅ ይጀምራል። ኤንዲ 256 እዚያ ጋ ያለ ጭንቀት ያሠራል። በጋ ላይ ቀትርም እንዲሁ።

ኤንዲ 16 ለማለዳ፣ ለደመናና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ይሠራል። ብዙ የምለው የለኝም።

ብዙዎች የሚያነሡት ቅሬታ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ከ16 ወደ 64 ሁለት ስቶፕ ነው፣ ከ64 ወደ 256 ደግሞ ሁለት። "32 እና 128 የት ሄዱ?" ይላሉ። እውነት ነው፣ የሉም። ግን አያስፈልጉም። ብርሃኑ 128 ቢፈልግ ሁለት መንገድ አላችሁ። ኤንዲ 64 ጭናችሁ ሻተሩን 1/100 ላይ ተዉት። በዚህና በ1/50 መካከል ያለውን ልዩነት ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው አይለየውም። ወይም ኤንዲ 256 ጭናችሁ አይኤስኦውን ወደ 200 አውጡት። በዚህ ካሜራ 200 ምንም አያቆሽሽም። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ደመና ድንገት ሲመጣ መጠባበቂያ ይተውልኛል።

አሁን ስለ ቀለም። ይህን ክፍል አደራ ተከታተሉኝ፤ ለእኛ ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ይመለከታል። የእኛ ዝግጅት ነጭ ልብስ ነው። የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ። በመልስ ደግሞ ጥቁር ከፋይ ካባ በወርቅማ ጥልፍ። ፊልተሩ ትንሽ ቀለም ቢኖረው ወዲያው የሚያጋልጠው ነጩና ጥቁሩ ነው። የፊት ቀለማችንም ቀላ ሲል ወይም አረንጓዴ ሲል ያስታውቃል።

አንድ ርካሽ ባለ ስምንት ፍሬ ኪት ከኦንላይን ገበያ ገዝቼ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሥራ ላይ ከማዋሌ በፊት ቤቴ ጓሮ ፈተንኩት። ትንንሾቹ ቁጥሮች ደህና ነበሩ። ከ32 በላይ ግን ነጠላው ሐምራዊ መሰለ። ጥቁሩ ካባ ወደ ቡናማ ሄደ። እንዲህ የሚሆነው ከባድ ኤንዲ የሚታየውን ብርሃን በብዙ ሲቀንስ ዓይን የማያየውን ታሕተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ብርሃን እኩል ሳይቀንሰው ሲቀር ነው። ያ ብርሃን ሴንሰሩ ላይ ይደርስና ጥቁር ጨርቅን ያቀላል። በተለይ ሰው ሠራሽ ጨርቅን። ሻጩን ስጽፍለት "በኤዲቲንግ ይስተካከላል" አለኝ። አይስተካከልም። ነጠላውን ስታስተካክሉ ፊቱ ይበላሻል፣ ፊቱን ስታስተካክሉ ሣሩ። ደግሞ እያንዳንዱ ቁጥር የየራሱ ቀለም ነበረው። ከአንዱ ወደ ሌላው በቀየራችሁ ቁጥር አዲስ ጣጣ ነው። መለስኩት።

እናንተም እንዲህ ፈትኑ። ነጭ ነጠላ ገመድ ላይ ስጡ፣ ጥቁር ጨርቅ አጠገቡ። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) 5500 ኬልቪን ላይ ቆልፉት። ኦቶ ላይ አትተዉት፤ ኦቶ የፊልተሩን ጉድለት ይሸፍንላችኋል። መጀመሪያ ያለ ፊልተር ቅረጹ። ከዚያ እያንዳንዱን እየጫናችሁ፣ ሻተሩን ብቻ እያስተካከላችሁ ቅረጹ። ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን አድርጉና እዩ። ነጩ ነጭ ሆኖ ከቀረ ፊልተሩ ጥሩ ነው። የዲጄአዩ ሦስቱም ይህን ፈተና አልፈውልኛል። ኤንዲ 256 ላይ በጣም ትንሽ ሙቀት አየሁ፤ ዋይት ባላንሱን ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ጠፋ። የሦስቱ ቀለም ለዓይን አንድ ስለሆነ ኤዲት ሳደርግ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሩ አያስቸግረኝም። በዲ ሎግ ኤም (ቀለሙ በኋላ በኤዲቲንግ በሚወጣበት አቀራረጽ) ለምትቀርጹ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጥሩ ፊልተር የሚሠሩ ሌሎችም አሉ። ፍሪዌል፣ ፖላርፕሮ፣ ኬ ኤንድ ኤፍ ኮንሴፕት፣ ኒሲ። የድሮን ፊልተር ብዙ ጊዜ ሠርተዋል፣ ስማቸውም የታወቀ ነው። የሌላ ድርጅት ከመረጣችሁ ቅር አይለኝም። እኔ የምቃወመው ብዛቱን ነው። ስድስት ፍሬ ከመግዛት ሁለት ጥሩ ፍሬ ግዙ።

ወደ ፖላራይዘር ልለፍ። በእውነት ለምስሉ የሚጨምረው ነገር ያለው እሱ ነው። ኤንዲ የሚያደርገውን በኤዲቲንግ የሚያስመስል ሶፍትዌር አለ። ፖላራይዘር የሚያደርገውን ግን በኋላ ማምጣት አይቻልም። ከውሃ፣ ከቅጠል፣ ከመኪና መስታወት ላይ የሚመጣውን ነጸብራቅ ይቆርጣል። ሐይቁ ነጭ ከመሆን ይልቅ ውስጡን ያሳያል። ቅጠሉ የራሱን ቀለም ያወጣል።

እዚህ አስፐን የሚባሉ ዛፎች አሉ። በመስቀል ሰሞን፣ አገር ቤት አደይ አበባ ሲፈካ፣ እነሱም ተራራውን ሙሉ ቢጫ ያደርጉታል። ከዴንቨር ወደ ደቡብ ምዕራብ በመንገድ 285 ወደ ኬኖሻ ፓስ ብትሄዱ ታዩታላችሁ። ቦታው ፓይክ ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። በብሔራዊ ደን ድሮን ማብረር በአብዛኛው ይቻላል፣ ዊልደርነስ ተብለው የተከለሉትን ሳይጨምር። ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ግን አይቻልም። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ክልክል ነው፣ አትሞክሩት። የአስፐን ቅጠል ፊቱ ያብረቀርቃል። ያለ ፖላራይዘር ስትቀርጹት ግማሹ ነጭ ነጥብ ይሆናል። በፖላራይዘር ቢጫው ሙሉ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። እኔ የያዝኩት የፍሪዌል ኤንዲ 32 ከፖላራይዘር ጋር የተጣመረ ነው። በመጸው ወራት ከድሮኔ ላይ አይወርድም ማለት ይቻላል።

ግን ፖላራይዘር ፀባይ አለው። ድሮን ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አየር ላይ ሆኖ ማዞር አይቻልም። ከመነሣቱ በፊት ያስቀመጣችሁት አቅጣጫ እስኪያርፍ ድረስ ያው ነው። ሰማይን ለማድመቅ ብትፈልጉ ውጤቱ ከፀሐይ አንጻር በቆማችሁበት ጎን ይወሰናል። ከፀሐይዋ 90 ዲግሪ ወደ ጎን ስትሆኑ ይበረታል፣ ፊት ለፊት ወይም ጀርባ ስትሰጧት ይጠፋል። ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ደግሞ የሰማዩ አንዱ ክፍል ጠቁሮ ሌላው ፈዝዞ ይታያል። ስለዚህ ሙሽሮቹን መሐል አድርጌ ዙሪያቸውን ስዞር ፖላራይዘር አልጭንም። ሰማዩ በየሰከንዱ ይቀያየራል፣ ያስጠላል።

ውሃ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ከውሃ ገጽ የሚመለሰው ብርሃን በአብዛኛው አግድም የተሰለፈ ነው። የድሮኑ ካሜራ ደግሞ በጊምባሉ (ካሜራውን አረጋግቶ በሚይዘው ክንድ) ኃይል ምንጊዜም ከአድማሱ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አግድሙን እንዲቆርጥ ካስቀመጣችሁት ድሮኑ ወደየትም ቢዞር የውሃውን ነጸብራቅ ይቆርጣል። ጥሩ የሚሠራው ካሜራውን ከአድማስ ወደ 35 እና 40 ዲግሪ ዝቅ ስታደርጉት ነው። ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ካያችሁ ብዙም አይሠራም። አቅጣጫውን ለማግኘት መሬት ላይ ድሮኑን አብርታችሁ ኩሬ ወይም የመኪና ቦኔት አሳዩት። ነጸብራቁ የሚጠፋበትን አቅጣጫ ያዙ፤ ፊልተራችሁ የሚዞር ዓይነት ከሆነ ቦታውን በነጥብ ምልክት አድርጉበት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሚኒ 4 ፕሮ ካሜራውን 90 ዲግሪ አዙሮ ለቲክቶክ ቁመቱ የረዘመ ቪዲዮ ይቀርጻል። ካሜራው ሲዞር ፊልተሩም አብሮ ይዞራል። ያኔ አግድሙን ሊቆርጥ የተቀመጠው ፖላራይዘር አግድሙን ማሳለፍ ይጀምራል። ውሃው ይባስ ያንጸባርቃል። የሚዞር ፊልተር ከያዛችሁ ለቁመት ስትቀርጹ ከመነሣታችሁ በፊት ሩብ ዙር አዙሩት። የማይዞር ከሆነ አውጡት። በየፌስቡኩ "ፖላራይዘሩ አይሠራም" እያለ የሚያማርር ሰው ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው "በቁመት ነው ወይስ በአግድም የቀረጽከው?" ብዬ ነው።

የሚስተካከል ኤንዲ ስለሚባለውም ትጠይቃላችሁ። ቀለበቱን እያዞሩ የሚያጠቁሩት ዓይነት ነው። በእጅ ለሚያዝ ካሜራ በጣም እወደዋለሁ። ለድሮን ግን አልመክርም። የተሠራው ከሁለት ፖላራይዘር ስለሆነ የፖላራይዘር ፀባይ ሁሉ አለበት። በጣም ሲያጠቁሩት ሰፊ ሌንስ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ያመጣል። ከተራው ፊልተር ይከብዳል። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ እየቀረጹ ማዞር ነው፤ ድሮኑ 100 ሜትር ላይ ሆኖ ማን ያዞርለታል?

ክብደት ቀላል ነገር አይደለም። የሚኒ 4 ፕሮ ጊምባል ሞተሮች ትንንሽ ናቸው። ለዚህ ድሮን የተሠራ ፊልተር ያንን ታሳቢ አድርጎ ነው የሚመዘነው። ለሌላ ሞዴል የተሠራውን በሙጫም ሆነ በላስቲክ አታስሩበት። ፊልተር ሁልጊዜ ድሮኑ ጠፍቶ ይጫን። ድሮኑ ሲነሣ ጊምባሉ ራሱን ሲያስተካክል የፊልተሩንም ክብደት አብሮ ይቆጥረዋል። ስትጭኑ የካሜራውን ጭንቅላት ከኋላ በሁለት ጣት ደግፉ፣ ኃይሉ ክንዱ ላይ እንዳያርፍ። የመስታወቱን ጠርዝ ያዙ። የጣት አሻራ ያለበት ፊልተር ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ምስሉን ጭጋግ ያለብሰዋል።

ማን አይግዛ? ፎቶ ብቻ የምታነሡ አትግዙ። ፈጣን ሻተር ለፎቶ ጥቅም ነው። ፏፏቴውን ወይም የመኪና መብራቱን ለማስረዘም ካልሆነ በቀር ኤንዲ ምንም አይጨምርላችሁም። ከፍ ብላችሁ አገር የምታሳዩ ብቻ ከሆነም አያስቸኩላችሁ። እዚህ አሜሪካ የተፈቀደው ከፍታ 400 ጫማ፣ 120 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ ሆናችሁ ደን ስትቀርጹ መሬቱ በፍሬሙ ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሻተሩ 1/50 ሆነ 1/1000 ማንም አይለየውም። ፊልተር ዋጋውን የሚመልሰው ዝቅ ብላችሁ፣ ነገሩ ቀርቦ ሲያልፍ ነው። ዛፍ፣ አጥር፣ መኪና፣ የሚሮጥ ልጅ።

ሌላ ድሮን የያዛችሁም ስሌቱ ይሠራል፣ መልሱ ግን ይለያል። ማቪክ 3 ላይ ያለው ዋናው የሀሰልብላድ ካሜራ ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 11 ቀዳዳውን ያጠባል። ለእሱ ትንንሾቹ ቁጥሮች ይበቃሉ። ኤፍ 11 ድረስ ግን አትሂዱ፣ ምስሉ ይለሰልሳል። ኤር 3 ሁለት ካሜራ አለው፤ ሰፊው ኤፍ 1.7፣ የሚያቀርበው ኤፍ 2.8። ለሁለቱም አንድ ቁጥር ስትጭኑ የሚያቀርበው ይጨልማል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀያየሩ ሻተሩን ወይም አይኤስኦውን ማስተካከል አትርሱ።

ወደ አገር ቤት ይዛችሁ ለመሄድ የምታስቡ፣ ከፊልተሩ በፊት ፈቃዱን አስቡ። ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባት ከኢንሳ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ የመጣ ቦሌ ላይ ይያዛል። ፈቃድ አግኝታችሁ ከሆነ ግን አንድ ነገር ቀይሩ። የአገር ቤት መብራት 50 ኸርትዝ ነው፣ የአሜሪካው 60። አዲስ አበባ በመሸ ጊዜ መብራት ባለበት ስትቀርጹ 25 ፍሬምና 1/50 ተጠቀሙ፤ መብራቱ አይርገበገብም። አሜሪካ ደግሞ 30 ፍሬምና 1/60። ደመራ ሲለኮስማ ፊልተሩን በሙሉ አውጡት። ኤንዲ 16 እንኳን በዚያ ሰዓት አይኤስኦውን ሰማይ ያደርሰዋል።

ስትገዙ ሣጥኑ ላይ የድሮናችሁ ስም በሙሉ መጻፉን እዩ። "ለሚኒ" ብቻ የሚል አይበቃም። ሚኒ 2፣ ሚኒ 3 ፕሮ እና ሚኒ 4 ፕሮ ራሳቸውን የቻሉ ድሮኖች ናቸው። በጀታችሁ ለአንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኤንዲ 64ን ፈልጉ፤ ሌሎቹ ይደርሳሉ።